የጎሴሬሊን መርፌና ጣጣው፦ የአንድ ተጠቃሚ አስተያየት

ጎሴሬሊን ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን በሰውነት ውስጥ እንዳይመረት በማድረግ የፕሮስቴት ካንሰርን የሚያዳክም መድኃኒት ነው። ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ቁራጭ ወፈር ባለ መርፌ ከእምብርት በታች ከቆዳ ሥር ይቀበርና ቀስ በቀስ እየሟሟ 3.6 ሚሊግራሙ ለ28 ቀናት፣ 10.8 ሚሊግራሙ ደግሞ ለ12 ሳምንታት ይሠራል። እኔ የምወጋው ሁለተኛውን ነው። ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ሙቀት እስከተቀመጠ ድረስ ማቀዝቀዣ የማይፈልግ መሆኑ መብራት በየጊዜው ለሚጠፋበት ቤት ትልቅ ነገር ነው። በዋናው ሥራውም ቅሬታ የለኝም፤ የፕሮስቴት ካንሰር የሚከታተሉበት የደም ምርመራ፣ ማለትም የፒኤስኤ ውጤቴ ወርዷል።

መድኃኒቱ ሆርሞኑን ከማውረዱ በፊት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለጊዜው ከፍ ስለሚያደርገው፣ ሐኪሞች እንደ ባይካሉታማይድ ያለ የሆርሞኑን ሥራ የሚያግድ እንክብል አብረው ያዝዛሉ። በተለይ ካንሰሩ ወደ አከርካሪው የደረሰበት ሰው ይህን ሳይጠይቅ ባይወጋ ይሻላል።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግለቱ ነው። ከደረት ተነሥቶ ወደ አንገትና ወደ ፊት ይወጣል፣ ለጥቂት ደቂቃ ያነድዳል፣ ከዚያም ላቡ ሲቀዘቅዝ ያንዘፈዝፋል። አንድ ጊዜ በእድር ስብሰባ መካከል ፊቴ ሲቀላ ያየው ሰብሳቢ የተቆጣሁ መስሎት ቅሬታዬን እንዳሰማ ዕድል ሰጥቶኛል። ሌሊት ጋቢውን ትቼ ነጠላ እደርባለሁ። ትኩስ ቡናና በርበሬ የበዛበት ወጥ እንደሚቀሰቅሱብኝ ያወቅሁት ደግሞ ግለቱ የሚመጣበትን ሰዓት በደብተር መመዝገብ ከጀመርኩ በኋላ ነው፤ ወጡን በአልጫ ለውጫለሁ፣ ቡናውን ግን በረድ አድርጌ እጠጣለሁ እንጂ አልተውኩትም። ግለቱ እንቅልፍ ለሚነሣው ሰው ሐኪም እንደ ቬንላፋክሲን ያለ መድኃኒት ሊያዝዝ ይችላል።

የአጥንቱና የጡንቻው ነገር ድምፅ ሳያሰማ ስለሚመጣ ይዘነጋል። ሆርሞኑ ሲጠፋ አጥንት ይሳሳል፣ ጡንቻ ይቀንሳል፣ ሆድ አካባቢ ስብ ይከማቻል፣ የደም ስኳርም ሊጨምር ይችላል። መርፌውን የገዛሁበት መድኃኒት ቤት ስለ ግለቱ አስጠንቅቆኝ ስለ አጥንቴ አንድ ቃል አለመናገሩ ቅር አሰኝቶኛል። ብዙውን ጊዜ የሚመከረው ካልሲየም ከምግብና ከእንክብል ተደምሮ በቀን ከ1,000 እስከ 1,200 ሚሊግራም ነው፤ በጾም ወራት ወተትና እርጎ ስለሚቀሩ፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ ምን ያህሉን እንደሚሸፍኑ ከሐኪም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። እኔን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ውኃ የሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶችን በሁለት እጅ ይዞ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ነው። የእግር ጉዞ ድካሙን ያቀልላል፣ ጡንቻን ለማቆየት ግን ብቻውን አይበቃም።

የወሲብ ፍላጎት መጥፋቱን በእኔ ዕድሜ ያሉ ወንዶች ባያነሡት ይመርጣሉ። ባለቤቴ ጥፋቱ የእሷ እንዳይመስላት አብረን ሐኪሙ ዘንድ ገብተን እንዲያስረዳን ጠየቅነው፤ ፍላጎቱ ባይመለስም ጥርጣሬው ከቤታችን ወጥቷል።

ለሚገዙ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር፦ መርፌው ከቀኑ ሲዘገይ ሆርሞኑ መልሶ ሊነሣ ስለሚችል፣ መድኃኒቱ መኖሩን ቀጠሮው ሳይቃረብ አስቀድሞ ማጣራት፣ ከመክፈልም በፊት ሣጥኑ ላይ የተጻፈው 3.6 ወይም 10.8 መሆኑን ከሐኪሙ ማዘዣ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።