ዮ ማስቃላን፣ የጋሞዎችን የመስቀል በዓል፣ ለማየት ዶርዜ ሄደን ነበር፣ ስለ ጉዞው ልንገራችሁ

ባለፈው መስከረም ከእናቴ ጋር የ5 ቀን የግሩፕ ጉዞ ሄደን ነበር፣ አርባ ምንጭ፣ ዶርዜ፣ ጫሞ ሀይቅ እና ኮንሶ። ከተመለስን ጀምሮ ሰው ሁሉ «እንዴት ነበር? ብሩ ይገባዋል?» እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው። ለአንድ ሰው 23,000 ብር ነው የከፈልነው፣ ትራንስፖርት፣ 4 ሌሊት ሆቴል፣ ቁርስና እራት፣ ጀልባ እና መግቢያ ውስጡ ነው፣ ምሳ ብቻ በራስ። የአዘጋጆቹን ስም እዚህ አልጠራም፣ ቅሬታም ስላለኝና ለነሱ በቀጥታ ስለነገርኳቸው።

መጀመሪያ ለምን ይሄን ጉዞ እንደመረጥኩ ልናገር፣ አለዛ አስተያየቴ አይገባችሁም። ሽሮሜዳ ነው ተወልጄ ያደኩት። ጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ሸማኔዎች ነበሩ፣ ከጋሞ የመጡ፣ ጠዋት ከእንቅልፌ የምነቃው በሽመናው ድምፅ ነበር። መስከረም ሲገባ ግን ድምፁ እየሳሳ ይሄድና ለመስቀል ሳምንት ሲቀረው ሰፈሩ ጭር ይላል። እናቴን «የት ሄዱ?» ስላት «ለመስቀል አገራቸው ገቡ» ትለኛለች፣ በቃ፣ ከዛ በላይ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ እነሱ የሰሩትን ጋቢና ነጠላ ለብሼ ከየት እንደመጡ አንድ ቀን ሄጄ አለማየቴ ሁሌ ይቆጨኝ ነበር። ስለዚ ማስታወቂያው ላይ «ዮ ማስቃላ በዶርዜ» የሚል ሳይ ሁለተኛ አላሰብኩም፣ ለኔና ለእናቴ ወዲያው ከፈልኩ።

መስከረም 15 ከለሊቱ 11 ሰዓት ነው የተነሳነው፣ በቡታጅራ በሆሳዕና አድርገን። 22 ሰው በአንድ ኮስተር፣ ወንበሩ ደህና ነው፣ ሹፌሩ ደግሞ ረጋ ያለ ሰው ነው፣ አንድም ቦታ ላይ አላስደነገጠንም፣ እናቴ መኪና የሚያማት ሴት ሆና ምንም ሳትል ደረሰች፣ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ምሳ ሶዶ ላይ በላን። የወላይታን ቁርጥ በዳጣ ያልበላ ሰው ካለ ለሱ ሲል ብቻ መሄድ አለበት። ከተማው እራሱ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሽር ጉድ ላይ ነበር፣ እኛ ግን ማለፍ ነበረብንና አለፍን። አርባ ምንጭ ስንደርስ መሽቷል። የመጀመሪያው ቀን ሆቴል ውሃ አልነበረውም፣ አርባ ምንጭ ላይ ውሃ መጥፋቱ ደግሞ ያበሳጫል፣ ስሙ ራሱ 40 ምንጭ ነው፣ ከተማው የሚጠጣው ከታች ጫካው ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። በባልዲ አመጡልን፣ በነጋታው ተስተካከለ።

አሁን ዋናው፣ መስከረም 16፣ ዶርዜ።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ ዳገት ብቻ ነው፣ ጥምዝምዝ እያለ ይወጣል። ታች ሙቀቱ ላብ ያስጠምቃል፣ ላይ ስትወጡ ጉም ነው፣ ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። መሃል ላይ አስቁመውን ሁለቱን ሀይቆች አንድ ላይ አየናቸው፣ አባያ ቡናማ ነው፣ ጫሞ ደግሞ ሰማያዊ፣ መሃላቸው ላይ የእግዜር ድልድይ የሚባለው መሬት ተጋድሟል። እናቴ ዝም ብላ ቆየችና «እግዜር ራሱ ሰራው ማለታቸው እውነታቸውን ነው» አለች።

እዚህ ጋ ስለ ጋይዱ ልናገር። የአገሩ ልጅ ነው፣ ዶርዜ ተወልዶ ያደገ፣ እና የጉዞውን ግማሽ ዋጋ ያወጣው እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። መንገድ ዳር ልጆች እየጨፈሩ ሳንቲም ሲጠይቁ መኪና ውስጥ ሆኖ «እባካችሁ አትስጡ፣ ትምህርት ቤት የሚቀሩት ለዚህ ነው፣ መርዳት የፈለገ ለትምህርት ቤቱ ደብተር ይግዛ» አለን። አንዱ ተሳፋሪ ስልኩን የአንዲት አሮጊት ፊት ላይ ሲደግን በትህትና ግን ቆፍጠን ብሎ «ወንድሜ መጀመሪያ ሰላም በላቸው፣ ከዛ ጠይቃቸው» አለው። ደስ ነው ያለኝ።

መጀመሪያ የገባነው እንግዳ መቀበያ ግቢ ነው። የዶርዜ ቤት ታውቁታላችሁ አይደል፣ የዝሆን ፊት የሚመስለው፣ በፎቶ አይቼዋለሁ ብዬ ነበር ግን ስሩ ቆማችሁ ቀና ስትሉ ሌላ ነው፣ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ከቀርከሃ ተሸምኖ ነው የሚሰራው፣ እንደ ቅርጫት፣ ላዩ የእንሰት ቅጠልና የቀርከሃ ሽፋን ይለብሳል። ምስጥ ከስሩ ሲበላው የተበላውን ይቆርጡና ቤቱ ዝቅ ይላል፣ ስለዚ የቤቱን ዕድሜ በቁመቱ ትገምታላችሁ፣ አዲሱ ረጅም፣ አሮጌው አጭር። ቦታ መቀየር ከተፈለገ ደግሞ ሰው ተሰብስቦ እንዳለ ተሸክሞት ይሄዳል።

ግቢው ውስጥ አንዲት እናት እንሰት ሲፍቁ አየን። መሬት ተቀምጠው አንድ እግራቸውን አንስተው የእንሰቱን ልጥ እንጨቱ ላይ በተረከዛቸው ይዘው፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ወደ ታች ይፍቁታል፣ ነጭ ውሃ እየተንጠባጠበ ይወርዳል፣ ቃጫው ለብቻ ይቀራል። እናቴ ጫማዋን አውልቃ ልሞክር አለች፣ ሶስቴ ፍቃ ደከማት፣ ሴትየዋ ሳቁና እጇን ይዘው እንዴት እንደሚጫን አሳዩዋት። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይቦካል፣ ከዛ ነው ቆጮ የሚሆነው። ትኩስ ቆጮ በዳጣና በማር አቀረቡልን። ማርና ዳጣ አንድ ላይ ይሄዳል ብዬ አላስብም ነበር፣ ቃጠሎው ሲመጣ ማሩ ያበርደዋል፣ እጄን እስክልስ በላሁ።

እስከዚህ ድረስ ቆንጆ። ችግሩ ፕሮግራሙ ላይ «9 ሰዓት ወደ አርባ ምንጭ መመለስ» ይላል። ዋዜማው ላይ ሆነን፣ ችቦ የሚለኮሰው ማታ ሆኖ፣ 9 ሰዓት ላይ ውረዱ! እና ምን ልናይ ነው የመጣነው? ግቢውን እኮ በማንኛውም ቀን መጥተን ማየት እንችላለን። ጋሞዎች ማስቃላን እንደ ዘመን መለወጫ ነው የሚያዩት፣ ዓመቱን ሙሉ ቅቤ ያጠራቅማሉ፣ ለበሬው ብር ያዋጣሉ፣ ሰው ከያለበት ይገባል። ጋይዱ ነገሩ ገብቶት አስተባባሪዋን አነጋገራት፣ እኛም እጅ አወጣን፣ ከ22 ሰው 19ኙ እንቆይ አለ። አስተባባሪዋ ደውላ አስፈቀደች፣ ለዚህ አመሰግናታለሁ፣ ብዙዎች «ፕሮግራም ፕሮግራም ነው» ብለው ይጎትቱን ነበር።

በዛ ትርፍ ሰዓት የሆነው ነው ልቤ ውስጥ የቀረው። ጋይዱ መንደሩ ውስጥ ሲያዞረን ዱቡሻ አሳየን፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር የሚቆርጡበት ሜዳ ነው። የ2011 መስከረምን ታስታውሳላችሁ፣ ጋሞዎች ከሞቱበት ከቡራዩው ግድያ በኋላ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ሲነሳ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው ያስቆሙት። በቴሌቪዥን አይቼ አልቅሼ ነበር። ጋይዱ «ያን ቀን ያደረጉት አዲስ ነገር አይደለም፣ ሳር የያዘን ሽማግሌ ረግጦ ማለፍ ድሮም ነውር ነው» አለን። ሜዳው ላይ ቆሜ ስሰማው ሰውነቴን ወረረኝ።

ከዛ ስንወጣ አንድ ዱንጉዛ፣ ባለቀለሙን የጋሞ ሸማ፣ ሱሪ የለበሰ ሰውዬ፣ 40ዎቹ ውስጥ ያለ፣ ሰላም ብሎን በጠራ አማርኛ «ከየት ናችሁ?» አለን። ከሽሮሜዳ ስንለው ቆም አለ። «ሽሮሜዳ የት ጋ?» «ወደ ቁስቋም መውጫው።» ሰፈራችን ነው የሚሰራው! ከኛ ቤት በእግር 10 ደቂቃ! «እትዬ፣ ቤቴን ሳያዩ አይሄዱም» ብሎ እናቴን እጇን ያዛት። እናቴም «ወንድሜ፣ ባዶ እጃችንን» ስትል «ዛሬ ማስቃላ ነው፣ ባዶ እጅ የሚባል የለም» አለ። አራት ሆነን ገባን። ቤቱ ውስጥ በአንድ በኩል ከብቶቹ፣ መሃል ላይ እሳት፣ ሽመናው ጥግ ላይ ነው፣ ሸማኔው እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ ባዶ ነው፣ ድሩ ተወጥሮ ማጉ ግማሽ ላይ ቆሟል፣ የጀመረው ጋቢ ነው። «የአባቴ ነው፣ ከበዓል በኋላ ይጨርሰዋል» አለን። ልጅ ሆኜ ጭር ሲል የሚያስፈራኝ የነበረው ዝምታ እዚህ ነበር የሚመጣው፣ እዚህም ዝም ብሏል፣ ግን ቤቱ በሰው ሞልቷል። ሚስቱ ገንፎ በቅቤ አቀረበችልን፣ ቅቤው መሃሉ ላይ ኩሬ ሰርቷል።

ማታ 12 ተኩል ሲሆን አባትየው የቀርከሃ ችቦውን መጀመሪያ ለኮሱ፣ ከዛ ልጆቻቸው፣ ከዛ የጎረቤት፣ ጉሙ ውስጥ ከታች ከላይ እሳት እሳት ብቻ፣ «ዮ ማስቃላ! ዮ!» እያሉ ይጠራራሉ። እናቴም አብራ ትል ነበር። 2 ሰዓት ላይ ነው የወረድነው፣ ሹፌሩ በጉም ውስጥ ቀስ ብሎ አወረደን፣ አንድም ሰው አልተነጫነጨም።

በ17 ጠዋት ጫሞ። አዞ ገበያ የሚሉት ዳርቻ ላይ አዞዎቹ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል፣ ጀልባው ሲጠጋ አንዱ ሲንሸራተት ምንም ድምፅ የለውም፣ ያን ያህል ግዙፍ ነገር። ጉማሬዎች፣ ፔሊካን፣ አሳ በል ንስር፣ ሁሉንም አየን። ግን ከባድ ቅሬታ አለኝ፣ እኛ ጀልባ ላይ 11 ሰው ነበርን፣ ላይፍ ጃኬት 8 ብቻ። አልሄድም አልኩ፣ ሌሎችም ተባበሩኝ፣ ግማሽ ሰዓት ቆመን ተጨማሪ 3 አመጡ። መኖሩን አየን እኮ፣ ካልጠየቅን አያመጡትም ማለት ነው። አዞ ያለበት ሀይቅ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ የምትሄዱ ሰዎች እግራችሁን ጀልባ ላይ ሳታደርጉ ቁጠሩ። ከሰዓት እረፍት፣ አሳ ዱለትና አሳ ጉላሽ ሲቀላ በሚባለው የአርባ ምንጭ ሰፈር በላን፣ ርካሽም ጣፋጭም። ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ አልገባንም፣ ፓኬጁ ላይም አልነበረም።

በ18 ኮንሶ፣ እና እዚህ ነው ያዘንኩት። ከአርባ ምንጭ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አርፍደን ተነሳን፣ መንገድ ላይ ቡና ምናምን ተባለ፣ መንደሩ ላይ የተሰጠን 1 ሰዓት ከሩብ ነው። ኮንሶ ማለት በ2003 ዓ.ም ዩኔስኮ የመዘገበው ነው፣ ተራራውን በድንጋይ እርከን ከ400 ዓመት በላይ እየካቡ ያቆዩት ህዝብ ነው፣ ሲሚንቶ የለ ምን የለ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ። መንደሩ ራሱ በድንጋይ ግንብ የታጠረ ነው፣ መተላለፊያው ጠባብ፣ ወጣቶቹ የሚያድሩበት ሞራ የሚባል የጋራ ቤት አለ። አደባባዩ ላይ የትውልድ ምሰሶ ቆሟል፣ በየ18 ዓመቱ አንድ እንጨት ይጨመራል፣ ስለዚ እንጨቱን ቆጥራችሁ በ18 ስታባዙት የመንደሩን ዕድሜ ታገኛላችሁ። እኔ እየቆጠርኩ እያለ ነው የኮስተሩ ጥሩምባ የተነፋው። ቆጥሬ አልጨረስኩም። የኮንሶው አስጎብኚ አዛውንት ስለ ዋካ ማለትም ለጀግኖቻቸው ስለሚያቆሙት የእንጨት ሀውልት ገና መናገር ጀምረው ነበር፣ አረፍተ ነገራቸው መሃል ላይ ጥለናቸው ስንሄድ በጣም አፈርኩ። ወይ ኮንሶ አንድ ሌሊት ስጡት፣ ወይ ከፕሮግራሙ አውጡት፣ ሰው ቤት እንደዚህ አይገባም።

በ19 ተመለስን፣ መንገዱ ሰላም ነበር።

እና ብሩ ይገባዋል ወይ? ለዶርዜው አዎ፣ ሁለቴ ይገባዋል። ለጋይዱና ለሹፌሩ 5 ከ5። ለኮንሶው 2፣ ለጀልባው 2፣ ሆቴሉ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ 3 ተኩል። የምትሄዱ ሰዎች ወፍራም ሹራብና የዝናብ ልብስ ያዙ፣ አርባ ምንጭ ሞቃት ነው ብላችሁ በቲሸርት ጨንቻ አትውጡ፣ ጫማ ጭቃ የሚችል ይሁን። ሸማ መግዛት ከፈለጋችሁ ደግሞ እዛው ከሰሪው ግዙ፣ እባካችሁ አትከራከሩ፣ አንድ ጋቢ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠይቁና ከዛ ዋጋውን ስሙ።

ቅሬታዬን በሙሉ ለአዘጋጆቹ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ፣ በሚቀጥለው ኮንሶ አንድ ሌሊት እናሳድራለን ብለዋል፣ የላይፍ ጃኬቱን ደግሞ ከጀልባ ከመሳፈራችን በፊት እንቆጥራለን ብለዋል። ይሄን ካነበባችሁ ለሚመጣው መስከረም ለኔና ለእናቴ ሁለት ቦታ ያዙልን፣ ግን የ16 ማታ ዶርዜ ማደር የሚለውን ፕሮግራሙ ላይ በጽሁፍ ካየሁ ብቻ ነው የምከፍለው።