ትሮምቦን ለሚማሩ ልጆች ኖታ የሚያዘጋጅ ሰው ለምትፈልጉ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ሙዚቃ የሚያስተምሩ አንድ መምህር አሉ። ምስጋናዬን በአደባባይ ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ልጄና ሁለት ጓደኞቿ ትሮምቦን ጀማሪዎች ናቸው። ለወላጆች ቀን «ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ከሚባለው ሙዚቃዊ ቲያትር «ኤደልዋይስ»ን ሦስት ሆነን ካልተጫወትን አሉ። ፊልሙን አይተው ፍቅር ይዟቸዋል። ለሦስት ጀማሪ የሚሆን ቅንብር ግን ከየት ይምጣ?

የመጀመሪያው ሰው ቀብድ ተቀበለና ስልኩን ዘጋ። ሁለተኛው የላከልን ለሠለጠነ ሰው የተጻፈ ነበር። ልጆቹ ፊታቸው እስኪቀላ ቢነፉ ድምፁ አልወጣ አለ። ስነግረው «ልጆቹ አይችሉም፣ ሌላ መሣሪያ ይሞክሩ» አለኝ። ልጄ አጠገቤ ሆና ሰማች። ማታ እራቷን አልበላችም። ገንዘቡስ ይቅር፣ ይቺ ንግግር ግን እስካሁን ታንገበግበኛለች።

መምህራችን ወረቀት ከመንካታቸው በፊት «ልጆቹን አምጪልኝ» አሉ። ትሮምቦን ቱቦውን እየሳቡ እየመለሱ ነው የሚጫወቱት፤ የሚቆምባቸው ሰባት ቦታዎች አሉት። ልጄ ከሦስቱ ትንሿ ናት። «እስቲ የኔ ልጅ፣ እስከቻልሽው ሳቢው» አሏት። እጇ መጨረሻው ጋ አልደረሰም። አቀረቀረች። እሳቸው እጇ የቆመበትን አይተው በእርሳስ ጻፉና፣ «አይዞሽ፣ እጅሽ እስኪያድግ እዚያ የሚያስኬድ ኖታ አልጽፍልሽም» አሏት። ልጄ ቀና አለች። እኔ እንባዬ መጣ።

ሌላውን ሙያ እኔ አላውቀውም። የማውቀው፣ ዜማው ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየዞረ ሦስቱም የሚያምረውን ክፍል ማግኘታቸውን ነው። ዘፈኑ ዝግ ያለ ስለሆነ ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር። አንዷ ስትተነፍስ ሁለቱ ድምፁን እንዲይዙ አደረጉላቸው። አንድ ቦታ ሲያስቸግራቸው እንደገና ጻፉት። ጨምሬ ልክፈል ብል «ልጆቹ ይጫወቱት እንጂ» ብለው እምቢ አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ማርሽ ባንድ ውስጥ ነበር። የአርባ ልጆችን ታሪክ እያወራ ነው ያሳደገን። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ናቸው፤ ትልቅ የነሐስ ባንድ የሆኑት። የልጅ ልጁን ትሮምቦን ይዛ ቢያያት ምን ይል ነበር!

በወላጆች ቀን ሦስቱም እስከ መጨረሻው ተጫወቱ። አንዷም አላቋረጠች።

አዘዞ ያላችሁ፣ ማራኪ ያላችሁ፣ ልጆቻችሁ መሣሪያ የሚማሩ ሁሉ፣ እባካችሁ ሌላ ቦታ ገንዘባችሁን ከመበተናችሁ በፊት እሳቸውን አነጋግሩ። ደግሜ እላለሁ፣ እሳቸውን አነጋግሩ። መምህር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። የምትሄዱ ደግሞ ልጆቹንም መሣሪያውንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳያዩአቸው አይጀምሩም።