ደመወዝ ለተቆረጠበት ሰው የምጠቁማቸው ማመልከቻ ጸሐፊ

ኮምቦልቻ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ይህን የምጽፈው ከእነሱ መካከል ስለ አንዱ ነው። በእድሜ ጠና ያሉ፣ የሠራተኛ ጉዳይ በደንብ የገባቸው ሰው ናቸው።

እዚሁ ከተማ አንድ ምግብ ቤት ካሸር ነበርኩ። ደመወዜ 4,200 ብር ነው። የመጀመሪያ ወር ደመወዜን «መያዣ» ብለው አስቀሩት። ከዚያ የዩኒፎርም፣ የተሰበረ ብርጭቆ፣ የካሽ ጉድለት እያሉ ይቆርጡ ጀመር። በጥር ብቻ 1,900 ብር ቆረጡብኝ። ለቅቄ ስወጣ መያዣውንም ከለከሉኝ። የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሌላ ጸሐፊ ምንም ሳይጠይቀኝ «ደመወዜን ከልክለውኛል» የምትል አጭር ነገር ጽፎ ሊሰጠኝ ነበር። ጋሼ ግን ኮምፒውተሩን ከመንካታቸው በፊት ወረቀት አውጥተው ወር በወር አስቆጠሩኝ።

«ለዩኒፎርሙ ፈርመሻል?» አሉኝ።

«አልፈረምኩም ጋሼ። የፈረምኩት ለካሽ ጉድለቱ ነው።»

«ብትፈርሚም በአንድ ጊዜ ከደመወዝሽ ሲሶ በላይ አይቆረጥም።»

የእኔ ሲሶ 1,400 ብር ነው። ስለዚህ ሁሉም ቅናሽ ትክክል ነው ቢባል እንኳ በጥር ወር ከተቆረጠው 500 ብሩ ትርፍ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው ይላል። አለቃ ስለተናደደ አይቆረጥም። እያንዳንዱን ቅናሽ ለየብቻ፣ ከነወሩና ከነብሩ አሰፈሩልኝ። አሠሪው የደመወዝ መዝገቡን እንዲያቀርብም ጠየቁልኝ፤ ምን ያህል ለምን እንደተቆረጠ የሚያሳይ መዝገብ መያዝ የአሠሪው ግዴታ ነውና።

በጣም የማመሰግናቸው ግን በቀኑ ነው። የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ካለፈው በይርጋ ይቀራል፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ ውድቅ ይሆናል። ወሩ ሚያዝያ ነበር፣ የጥቅምቱ ቅናሽ ሊያልፍበት ተቃርቧል። «ነገ አትበይ፣ ዛሬውኑ መዝገብ ቤት አስገቢው» ብለው አጣደፉኝ። ሠራተኛ ለእንዲህ ዓይነት ክስ የዳኝነት ክፍያ እንደማይከፍልም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ገንዘብ ልበደር እያሰብኩ ነበር።

ማመልከቻው አንድም ቦታ አስተካክይ ሳይባል ተቀባይነት አገኘ። መጥሪያው ሲደርሳቸው አሠሪዎቼ መያዣውንና የዩኒፎርሙን ገንዘብ መለሱ። በካሽ ጉድለቱ አልተስማማንም፣ ቀጠሮ ላይ ነው።

የማልወደውም አለ። የኮፒውን ሒሳብ ቀድመው አይናገሩም፣ ደረሰኝም የለም። በአጠቃላይ 400 ብር ከፈልኩ። ለሥራቸው አይበዛም፣ ግን ሥራ ለሌለው ሰው አስቀድሞ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። አጻጻፋቸውም ይከብዳል። እኔ ሁለት ጊዜ እንዲያነቡልኝ ጠየቅኩ፣ ሳይሰለቹ አነበቡልኝ። እናንተም ሳይገባችሁ አትፈርሙ።

ከሰዓት ሰው ይበዛባቸዋል፣ ጠዋት ሂዱ። ከደሴ የምትመጡም የሐረጎን ቁልቁለት በጊዜ ውረዱ። የቅጥር ደብዳቤ፣ የባንክ ደብተር፣ የፈረማችሁበትን ወረቀት፣ ስለ ደመወዙ የተጻጻፋችሁትን የስልክ መልእክት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። እሳቸው የሚፈለገውን ይለዩታል።