ሊስል 24680 ፈነል፦ ሲቆም ቀዝቃዛ ለሚነፍስ ሂተር ያዋጣል?

ሚኒያፖሊስም ሆነ ዴንቨር ክረምቱ ሲጠና በታክሲና በራይድ ሥራ ላይ ያሉ ሹፌሮች የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። መኪናው ሲሄድ ሂተሩ ጥሩ ይሞቃል፣ መብራት ላይ ሲቆም ቀዝቃዛ ይነፍሳል፣ ነዳጅ ሲረገጥ ደግሞ ሙቀቱ ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ ኩላንቱ (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) ጎድሏል ወይም ሲስተሙ ውስጥ አየር ገብቷል። እዚህ የምንገመግመው ያንን አየር ለማስወጣት የተሠራውን፣ በአሜሪካ 30 ዶላር አካባቢ የሚሸጠውን የሊስል 24680 ፈነል ነው። ራዲያተሩ ላይ ክዳን ላለው ኮሮላና መሰሎቹ ዋጋውን ያወጣል። አየር ያስገባውን ቀዳዳ ግን አይደፍንም፤ ይህን ሳያጣራ የገዛ ሰው ብዙም ሳይቆይ እዚያው ችግር ላይ ይመለሳል።

ሂተሩ ሙቀት የሚያገኘው ከሞተሩ ነው። ትኩስ ኩላንት ከዳሽቦርዱ ሥር ባለች ትንሽ ራዲያተር፣ ማለትም በሂተር ኮር ውስጥ ያልፋል፤ ቬንትሌተሩ በላይዋ አየር ይነፋል። ኩላንቱን የሚገፋው ዋተር ፓምፕ በብዙ መኪና የሚዞረው በሞተሩ ኃይል ስለሆነ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ፣ ግፊቱ ደካማ ነው። ሂተር ኮር ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሚገኝ አየር እዚያ ይጠራቀማል፤ ደካማው ግፊትም አየሩን ጥሶ ኩላንቱን ማሳለፍ ያቅተዋል። የሞተሩ ዙር በደቂቃ 2,000 ሲደርስ ፓምፑ ስለሚበረታ ሙቀቱ ይመጣል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ኮፈኑን ከፍታችሁ ከሞተሩ ወደ ጋቢናው የሚገቡትን ሁለት የሂተር ጎማዎች በጓንት ዳስሱ፤ ከሚዞረው ቺንጋ (ቀበቶ) እና ከራዲያተሩ ቬንትሌተር ራቁ። ሁለቱም እኩል የሚያቃጥሉ ሆነው ሂተሩ ቀዝቃዛ ከነፈሰ ችግሩ ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው የአየር መቀየሪያ በር ነው፤ ፈነል አያስፈልጋችሁም። አንዱ ትኩስ ሌላው ለብ ያለ ከሆነ ኮሩ አየር ይዟል ወይም በቆሻሻ ተደፍኗል። ምልክቱ የተገላቢጦሽ ከሆነ፣ ማለትም ቆሞ እየሞቀ ሀይዌይ ላይ የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ኩላንቱ ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ቫልቭ) ክፍት እንደቀረ ጠርጥሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ቴርሞስታቱ «ሞተር ያፈላል» ተብሎ ወጥቶ የተጣለበት ቪትዝ ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለውን መኪና የትኛውም ፈነል አያሞቀውም።

ቀጥሎ አየሩ በየት እንደገባ ፈልጉ። ኩላንት በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነ መልሱ ያው ነው፤ ሲሞላ አየሩ በትክክል አልወጣም። ማንም ሳይነካው ከጎደለ ግን ይፈስሳል። ቶዮታ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ዋተር ፓምፑ ነው፤ ከፑሊው ኋላ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ በታች እንደ ጨው የደረቀ ሮዝ ቅርፊት ካገኛችሁ ፓምፑ መቀየር አለበት። ከዚያ የጎማዎቹን ፋሼታዎች (ማጥበቂያ ቀለበቶች)፣ የራዲያተሩን የፕላስቲክና የአሉሚኒየም መጋጠሚያ፣ የክዳኑን ላስቲክ እዩ። ጣፋጭ ሽታ፣ በተሳፋሪው እግር በኩል የረጠበ ምንጣፍና ቅባት ያለው የመስታወት ጉም ሂተር ኮሩ ራሱ እንደሚያፈስ ይናገራሉ።

ወደ ዕቃው እንምጣ። በሳጥኑ ውስጥ ትልቅ ግልጽ ፈነል፣ ለተለያዩ የራዲያተር አፎች የሚሆኑ አዳፕተሮች፣ ማራዘሚያ፣ 45 ዲግሪ የታጠፈ ክርንና ረጅም መድፈኛ አለ። ብልሃቱ ቀላል ነው፦ አዳፕተሩ የክዳኑን ቦታ ይዞ ይጠብቃል፣ ፈነሉ በላዩ ላይ ይቆማል፣ በውስጡ ያለው ኩላንት የሲስተሙ ከፍተኛ ቦታ ይሆናል። አየር ሽቅብ ሲወጣ ኩላንቱ በቦታው ይወርዳል። ፈነሉ ግልጽ ስለሆነ አረፋው ይታያል፤ ለእኛ ዋናው ጥቅሙ ይኸው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ መሆን አለበት፤ ትኩስ ራዲያተር መክፈት ፊትን ያቃጥላል። መኪናውን አፍንጫው ወደ ዳገቱ አድርጋችሁ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ጀርባ ድንጋይ አድርጉ። አዳፕተሩንና ፈነሉን አጥብቃችሁ ፈነሉን ሲሶ ያህል ሙሉ። ኩላንቱ ለመኪናው የታዘዘው ዓይነት ይሁን። የቶዮታው ሮዝ ሱፐር ሎንግ ላይፍ 50 በ50 ተቀላቅሎ ስለሚሸጥ ውሃ አይጨመርበትም፤ ይህ ቅልቅል ከዜሮ በታች እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ አይረጋም፤ ለሚኒሶታ ክረምትም በአብዛኛው ይበቃል።

የሂተሩን ሙቀት መጨረሻ ላይ፣ ንፋሱን ግን ዝቅተኛው ላይ አድርጉ። ንፋሱ ከበረታ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም። አስነሡና በሚኒሞ ተዉት። ወዲያው ትልልቅ አረፋዎች ይወጣሉ፣ ከዚያ ይቀንሳሉ። እዚህ ላይ አለቀ ብሎ ፈነሉን የሚያነሳ ብዙ ነው፤ ገና ቴርሞስታቱ አልተከፈተም። በኮሮላ 82 ዲግሪ አካባቢ ሲከፈት በፈነሉ ውስጥ ያለው ኩላንት በድንገት ዝቅ ይላል፣ ሁለተኛ ዙር አረፋም ይመጣል። በዚህ ሰዓት ፈነሉ ባዶ ከሆነ ሲስተሙ አየር መልሶ ይስባል፤ ስለዚህ ኩላንቱን በእጃችሁ ይዛችሁ ጠብቁ። የላይኛውን የራዲያተር ጎማ በጓንት ጨመቅ ለቀቅ አድርጉ፣ ዙሩን ለጥቂት ሰከንድ ወደ 2,000 አውጥታችሁ መልሱ። የራዲያተሩ ቬንትሌተር ሁለት ጊዜ ተነሥቶ እስኪጠፋና ሂተሩ በሚኒሞ ትኩስ እስኪነፍስ አታጥፉ። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል። የሙቀት መለኪያው ከመሀል ካለፈ ግን ወዲያው አጥፉ።

ሲቀዘቅዝ መድፈኛውን አስገብታችሁ ፈነሉን ከነቀረው ኩላንት አንሡ፤ መሬት ላይ ምንም አይፈስም። «ስፒል ፍሪ» (የማይፈስ) የሚለው ስሙ የሚመካበት ይህ ነገር እውነት ነው፤ አፓርትመንት ፓርኪንግ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ልጅና ውሻ ባለበት ጠብታውም አይተው። ክዳኑን መልሱ፣ መጠባበቂያ ታንኩን በዝቅተኛውና በከፍተኛው ምልክት መሀል ሙሉ፣ በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ደግማችሁ እዩ።

አረፋው ካላቆመስ? ቬንትሌተሩ ብዙ ጊዜ ተነሥቶ ከጠፋ በኋላ ደቃቅ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ዙሩ ሲጨምርም ከበዛ፣ የተቃጠለ ጋዝ በቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት፣ ማለትም ማሸጊያ፣ በኩል ወደ ኩላንቱ እየገባ ሊሆን ይችላል። በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረግ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለው መመርመሪያ አለ፤ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ከተለወጠ ነገሩ ከፈነል አልፏል። ይህን ጥርጣሬ በጊዜ ማሳየቱ ብቻ የፈነሉን ዋጋ ይመልሳል።

ከፍታ ያለው ቦታ ላይ ሌላ ማሳሳቻ አለ። ክዳኑ ክፍት ስለሆነ ሲስተሙ ግፊት የለውም። አዲስ አበባ ላይ ንጹሕ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ዴንቨር ላይ ወደ 95። የቧንቧ ውሃ የተሞላበት መኪና ቬንትሌተሩ ሳይነሳ ፈነሉ ውስጥ መንተክተክ ሊጀምር ይችላል፤ ባለቤቱም አየር እየወጣ ይመስለዋል፣ ሲብስም ጋስኬቱ ተቃጠለ ብሎ ይደነግጣል። መጀመሪያ ውሃው ተደፍቶ ትክክለኛ ኩላንት ይግባ።

ፕሪየስ (የቶዮታ ሃይብሪድ) ያላችሁ ሌላ ጣጣ አለባችሁ፤ ሞተሩ በራሱ ይጠፋል፣ ሥራው መሀል ላይ ይቆማል። ከ2004 እስከ 2015 ባሉት ሞዴሎች የጥገና ሞድ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ፍሬን ሳትረግጡ ፓወር የሚለውን ሁለት ጊዜ ተጫኑ። ከዚያ በ60 ሰከንድ ውስጥ በፒ ላይ ነዳጁን እስከ ታች ሁለት ጊዜ ርገጡ፤ ፍሬን ይዛችሁ ወደ ኤን ቀይሩና እንደገና ሁለት ጊዜ፤ ወደ ፒ መልሱና ሁለት ጊዜ። ፍሬን ረግጣችሁ ስታስነሡት ሞተሩ ሳይቋረጥ ይሠራል። በዚህ ሞድ መኪናውን አትንዱ። ፈነሉን ከማሰራችሁ በፊትም የከፈታችሁት የሞተሩ እንጂ የኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል የሚቀይረው ክፍል) ታንክ አለመሆኑን አረጋግጡ። ከ2010 ወዲህ ባለው ፕሪየስ ዋተር ፓምፑ በቺንጋ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ስለሚዞር፣ አየሩ ወጥቶም ሂተሩ ከቀዘቀዘ ፓምፑን አስመርምሩ።

ጉድለቶቹን እንናገር። ራዲያተሩ ላይ ክዳን የሌላቸው፣ በግፊት ታንክ የሚሞሉ መኪኖች ላይ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አዳፕተር ላይገጥም ይችላል፤ ለአንዳንዶቹ ለብቻው ተገዝቶ ይጨመራል። ስትገዙ የመኪናችሁን ክዳን ፈትታችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ኮፈኑ ሥር ቦታ በጠበበበት መኪና ፈነሉ ያዘነብላል፣ ክርኑም ሙሉ በሙሉ አያቃናውም። በግማሽ ዋጋ የሚሸጡ ተመሳሳዮች አሉ፤ ቅርጻቸው አንድ ነው፣ ልዩነቱ ላስቲካቸው ላይ ነው፤ ሙቀት ሲነካው የሚላላ ላስቲክ ትኩስ ኩላንት ጎን ለጎን ያንጠባጥባል። አየሩን በቫኪዩም ስቦ የሚሞላው መሣሪያ የበለጠ ፈጣንና አስተማማኝ ነው፣ ግን ኮምፕሬሰር ይፈልጋል፣ ዋጋውም ብዙ እጥፍ ነው፤ ለጋራዥ እንጂ ለአንድ መኪና ባለቤት አይመከርም።

የተደፈነ ሂተር ኮርንም አይፈታም። ለዚያ ሁለቱንም ጎማዎች በፒንሳ ፋሼታቸውን ለቅቃችሁ፣ በመውጫው በኩል ቀስ ያለ የጓሮ ቧንቧ ውሃ ወደ ኋላ ልቀቁበት፣ ጠርቶ እስኪወጣ። ግፊቱን ካበዛችሁት ኮሩ ይፈነዳል፣ እሱን መቀየር ደግሞ ብዙ ጊዜ ዳሽቦርድ ማውረድ ነው። ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረውን ፈሳሽ እርሱት፤ መጀመሪያ የሚደፍነው የኮሩን ቀጫጭን መተላለፊያዎች ነው።

ከሥራ በኋላ ፈነሉን፣ አዳፕተሩንና መድፈኛውን በውሃ አጥባችሁ አድርቁ። በላስቲኩ ጠርዝ ላይ የደረቀ ኩላንት ይጋግርና በሚቀጥለው ጊዜ በትክክል አይገጥምም።