ጅሬን ኮረብታ ላይ፦ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጉብኝት

ከጅማ ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጅሬን ኮረብታ ላይ የሚገኘውን የጅማ ንጉሥ የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ባለፈው ሐሙስ ጎብኝቻለሁ። አብዛኛው ጎብኚ ሕንፃውን ፎቶግራፍ አንሥቶ ቢመለስም፣ የጅማን የንግድ ታሪክ መረዳት የሚሻ ሰው ሰገነቱ ላይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንዲቆይ አጥብቄ እመክራለሁ።

ወደ ሰገነቱ ስወጣ የያዝኩት የእንጨት መደገፊያ ከመዳፍ ብዛት ልሟል። «ጋሼ፣ ወደ ታች ይመልከቱ፤ ሕርማታ ያ ነው» አለኝ አስጎብኚው የጅማን የገበያ ሥፍራ እያመለከተኝ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሲራራ ነጋዴ ቡናውን፣ ዝባዱንና የዝሆን ጥርሱን ጭኖ የሚመጣው፣ በአሞሌ ጨውና በማርትሬዛ ብር የሚገበያየውም እዚያ ነበር። ንጉሡ በየበሩ ኬላ አቁመው ቀረጥ ያስከፍሉ ስለነበር፣ የመንግሥታቸው ጉልበት ከዚያ ገበያ ሰላም ጋር የተሳሰረ ነበር። ለምኒልክ በጦርነት ፈንታ መገበርን መምረጣቸውና በዚህም ጅማ እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ መቆየቷ ሰገነቱ ላይ ሆኖ ሲታሰብ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል፤ ጦርነት ቢነሣ አስቀድሞ የሚበተነው ሕርማታ ነበርና።

በዚያው ገበያ ሰውም ይሸጥ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ጅማ ከደቡብና ከምዕራብ የሚነዱ ባሮች የሚያልፉባት ዋና መስመር ነበረች። ስለዚህ ጉዳይ ብጠይቀው አስጎብኚው ሳያድበሰብስ መለሰልኝ፤ የጉብኝቱን ዋጋ በዓይኔ ከፍ ያደረገውም ይኸው ነው። እናንተም ስትሄዱ ጠይቁ።

የንጉሡ የግል መገልገያዎች ከተማው ውስጥ ባለው የጅማ ሙዚየም ስለሚታዩ፣ ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። እኔ ግን ቤተ መንግሥቱ እንዲቀድም እፈልጋለሁ፤ ዕቃው ትርጉም የሚያገኘው ሥፍራውን ካዩ በኋላ ነውና። በክረምት የሚሄድ ሰው ኮረብታው ጭቃ ስለሚሆን የማያንሸራትት ጫማ ያድርግ፤ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታም ጠዋት ይውጣ።

ሐሙስ ዛሬም የጅማ የገበያ ቀን ነው። ከኮረብታው እንደወረድኩ በቀጥታ ወደ ገበያው ገብቼ፣ መሬት ላይ ጆንያ አንጥፈው ከተቀመጡ እናት ኮረሪማ ገዛሁ፤ እሳቸውም ሁለት ፍሬ መርቀው «ለቡናህ ይሁንልህ» አሉኝ።