«የታከመ መኖ ነው» ሲሏችሁ ጆንያውን አስፈትታችሁ እዩ

ድሬ ላይ ግቢያችሁ በግ አስራችሁ የምታደልቡ ሁሉ፣ ይቺን ሳታነቡ መኖ እንዳትገዙ።

ለፋሲካ ብዬ አምስት ጠቦት ይዤ ነበር። የምሰጣቸው ጭድ፣ ትንሽ ፉርሽካ፣ ከሰፈር የሚለቀም ገራባ (የጫት ትራፊ) ነው። ቀፊራ ገበያ አንድ ነጋዴ «በዩሪያ የታከመ ነው፣ ፕሮቲኑ 28 በመቶ ነው፣ በወር ሙክት ይሆኑልሃል» አለኝ። ሁለት ጆንያ ገዛሁ። በማግስቱ ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ሰጠኋቸው። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ትንሹ ጠቦት ጥርሱን ያፋጭ ጀመር፣ ለሃጩ ተዝረበረበ፣ ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ተነፋ፣ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ወደቀ። የእንስሳት ሐኪሙ ሳይደርስ ሞተ። ሌሎች ሁለቱን አቼቶ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ አጠጥቶ ነው ያተረፈልኝ።

ጆንያውን ስንዘረግፈው ከጭዱ ስር ነጭ ፍሬ ፍሬ ወጣ። ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ራሱ ነው፣ ሳይሟሟ።

ያ 28 በመቶ የሚሉት ነገር እንዲህ ነው። የመኖ ፕሮቲን የሚሰላው ናይትሮጅኑ ተለክቶ በ6.25 ተባዝቶ ነው። ዩሪያ ደግሞ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ 100 ኪሎ መኖ ውስጥ 8 ኪሎ ዩሪያ ብትጨምሩበት ቁጥሩ በ23 ገደማ ይዘላል፣ አንድ ፍሬ ፋጉሎ (ዘይቱ የተጨመቀ የቅባት እህል ቅሪት) ሳይገባበት! በበጉ ሆድ ውስጥ ግን ያ ሁሉ በአንዴ አሞኒያ ይሆናል፣ ጉበቱ አይችለውም፣ መርዝ ነው።

ማከሙ በራሱ ጥሩ ነገር ነው፣ እሱን አልጠላሁም። በወጉ ሲሠራ 5 ኪሎ ያህል ዩሪያ በውሃ ይሟሟል፣ 100 ኪሎ ጭድ ላይ እኩል ይረጫል፣ ከዚያ አየር በማያስገባ ላስቲክ 21 ቀን ያህል ይታፈናል። ታፍኖ ሳለ ከዩሪያው የሚወጣው አሞኒያ ጭዱን ያላላዋል፣ 4 በመቶ ገደማ የነበረው ፕሮቲንም 7 እና 8 ይደርሳል። ከ7 ሲወርድ እኮ በጨጓራ ውስጥ ጭድ የሚፈጩት ጥቃቅን ተሕዋስያን ይራባሉ፣ ምግቡ ሆድ ውስጥ ይከርማል፣ በጉም መብላት ያቆማል። ለሚያድግ ጠቦት ግን 14 እስከ 16 ያስፈልገዋል። ቀሪው ከኑግ ፋጉሎ ይምጣ እንጂ ከማዳበሪያ አይደለም።

በደንብ የታከመ ጭድ ቀለሙ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ በእጅ ሲይዙት ለስላሳ ነው፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ቀን አናፍሱት። ሳምንት ሁለት ሳምንት ከለመዱት ጋር እየቀላቀላችሁ አስለምዷቸው። ጡት ለሚጠባ ግልገል በጭራሽ! ጨጓራው ገና አልደረሰም።

ነጋዴው «በግህ ታሞ ነበር» ብሎ መለሰኝ። ሁለተኛውን ጆንያ አልጣልኩትም፣ ግቢዬ ተቀምጧል። ከሱ የገዛ ካለ መጥቶ ያስተያየው፣ አብረን እንሄዳለን።