ሚዛኗን ይዛ ቤታችን ለመጣችው ሲስተር

ልጄ ነገ ሦስት ወር ይሞላታል። ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ቀደም ብዬ ነው፤ ግን አራስ ቤት የከረመች ሁሉ ምክንያቴን ታውቀዋለች።

ስትወለድ 3.2 ኪሎ ነበረች፤ በ4ኛው ቀን 3 ኪሎ ሆነች። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ እንደሚቀንስ ሰምቼ ስለነበር አልደነገጥኩም። በ12ኛው ቀንም ያው 3 ኪሎ ስትሆን ግን ሆዴ ባባ። እማዬ "ወተትሽ ቀጥኖ ነው" እያለች አጥሚቱን በላይ በላዩ ታስጠጣኛለች። አንድ ቦታ ደግሞ ስትጠባ እንኳ ሳያዩዋት "የጣሳ ወተት ጀምሪላት" ብለው ሸኙኝ። ባለቤቴን አዋቂ የሚቆምበትን ሚዛን አስገዛሁት። አንዴ ልጄን ታቅፌ፣ አንዴ ብቻዬን እቆምና እቀንሳለሁ። ጠዋት 300 ግራም ጨምራ ማታ 400 ቀንሳ ትገኛለች! ሌሊቱን በስልኬ ስደምር ስቀንስ አነጋ ነበር።

ሲስተር የደረሰችልኝ ያኔ ነው። የወረዳችን ጤና ጣቢያ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ያቺን ክብ ተንጠልጣይ ሚዛን ከቦርሳዋ አውጥታ ከበሩ በላይ ካለው አግዳሚ እንጨት ላይ አሰረቻት፤ በሁለት እጇ ጎትታም ጥንካሬዋን ፈተሸች። ባዶውን የመመዘኛ ሱሪ ሰቅላ መርፌውን ዜሮ ላይ መለሰች፣ ከዚያ ልጄን ራቁቷን አስገባቻት። እንዴት እንዳለቀሰች አትጠይቁኝ።

"ደህና የምትጠባ ልጅ በዚህ ዕድሜ በቀን ብትጨምር ከ20 እስከ 30 ግራም ነው" አለችኝ። "ያንቺ ሚዛን ይህን አያይም። የእኔም መቶ መቶ ግራም ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ በሳምንት አንዴ፣ በዚሁ ሚዛን። አንቺ ሽንቷን ቁጠሪ።" በ24 ሰዓት 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸናች ደህና ነው፤ ለመቁጠር እንዲመቸኝ ለጊዜው ዳይፐሩን ትቼ ጨርቅ እንዳደርግላት ነገረችኝ። ከፈዘዘች፣ ካተኮሳት ወይም አልጠባም ካለች ግን ቀጠሮ ሳልጠብቅ በዚያው ቀን እንዳመጣት።

ከዚያ ዱካ ላይ ተቀምጣ ሳጠባ አየችኝ። አንድም ሰው እስከዚያ ቀን አላየኝም ነበር። ልጄ የምትይዘው የጡቴን ጫፍ ብቻ ኖሯል፤ ለካ የቆሰልኩት በዚያ ነው። ሆዷን ከሆዴ አጣብቃ "አፏን በሰፊው እስክትከፍት ታገሺ፣ አገጯ ጡትሽን ይንካ" አለችኝ። ስትውጥ ድምፁን የሰማሁት ያኔ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። እማዬም ሰምታ ዝም አለች፣ እማዬ ዝም ማለቷ ራሱ ተአምር ነው።

በ19ኛው ቀን 3.2፣ በ26ኛው 3.4፣ ለ45 ቀን ክትባቷ ስንሄድ 3.9። የእኛ ሚዛን አሁን አልጋ ሥር አቧራ ይጠጣል።

አዲስ አበባ ያላችሁ አራሶች፣ ወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ወይም ሰው ልካችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጠይቁ። እኛን አንድ ብር አላስከፈሉንም። የሲስተርን ስልክ ሳላስፈቅዳት አልለጥፍም፣ ቤት ለቤት ስትዞር የምትውል ሰው ናት።

ሲስተርዬ፣ ሦስት ጊዜ ቡና አፍልቼ ሦስቴም "ሌላ አራስ አለችብኝ" ብለሽ ሄደሻል። ጀበናው ዛሬም ተጥዷል።